ሊፍቱ ውስጥ፣ ሊፍቱ ላይ

የሥራ ባልደረቦቹ «ላይ ታች» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የመጀመሪያ አለቃው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሊፍት ሲያወጣና ሲያወርድ ስለሚውል። እሱም ስሙን አልጠላውም። «ሰው ሁሉ ላይ ታች እያለ ነው የሚኖረው፤ የኔ ብቻ ነው ሙያ የሆነው» እያለ ይስቃል።

እውነትም ሙያው ነው። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ወፈር ያለ፣ ጸጉሩ ከግንባሩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ ጥፍሩ ሥር የገባው የማሽን ቅባት በሳሙና የማይበገር፣ ሃምሳን የተጠጋ ሰው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎናቸው ግማሹ የእሷ ነው፤ የስፌት ማሽኗ መስኮቱ ሥር፣ የጨርቅ ቁልሏ ሶፋው ላይ፣ መርፌዋ ደግሞ እግዜር በሚያውቀው ቦታ። አንዲት ልጃቸው ተድራ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ስለዚህ በዚያ ቤት የሚሰማው የስፌት ማሽኑ ድምፅና የእሱ ወሬ ነው።

ወሬ ይወዳል፤ በእንግሊዝኛም ጭምር። ሌላው ሠራተኛ የውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ ምላሱ ይታሰርና ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ ኮሪደር ይወጣል። እሱ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ቋንቋውን የሰበሰበው ከትምህርት ቤት የቀረለትን፣ ማሽን ላይ ከተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ያነበበውንና ከሬዲዮ የለቀመውን እየቀጣጠለ ነው። ቃል አላጣም። ያጣው በቃልና በቃል መካከል የሚገቡትን ትንንሾቹን ነበር። ለእነዚያ ሁሉ አንድ «ኢን» ነበረችው። «ኢን» ለእሱ እንደ ጨው ናት፤ የማትገባበት ወጥ የለም። «ኢን ቴብል» ሲል ጠረጴዛው ላይ ማለቱ ነው፤ «ኢን ፍራይደይ» ሲል ዓርብ ዕለት፤ «ኢን ባስ» ሲል በአውቶቡስ። ሰሚውም ይገባዋል፤ ያልገባው እንደሆነ በእጁ ያሳየዋል። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመታት አለፉ፤ ማንም አልሞተም።

ከዕለታት አንድ ቀን የሚሠራበት ድርጅት የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሊፍት የመቀየር ሥራ ያዘ። አሮጌው ሊፍት በቁሙ ሞቶ ነበር። አስታማሚዎች በሽተኛቸውን አዝለው ደረጃ ይወጣሉ፤ ነርሶች የመድኃኒት ሳጥን ተሸክመው በየፎቁ እየቆሙ ይተነፍሳሉ። አዲሱ ሊፍት ከውጭ አገር ተገዝቶ ሲመጣ፣ ተከላውን የምትመራ መሐንዲስ አብራው መጣች። አጠር፣ ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯ ሽበት የጀመረው ሴት ናት፤ ጫማዋ ከሰውነቷ የሚከብድ ይመስላል። እንግሊዝኛ ለእሷም የእናቷ ቋንቋ አይደለም፤ የእንጀራ እናቷ ነው። በትልቅነቷ ነው የለመደችው። አማርኛም እዚያው ሥራ ላይ መልቀም ጀመረች። አንድ ቃል በሰማች ቁጥር ሳይቀዘቅዝ ትጠቀምበታለች። አንቱታ የሚባል ነገር ስላልደረሰችበት ግን ዘበኛውንም ሥራ አስኪያጁንም እኩል «አንተ» ትላለች።

በመጀመሪያው ሳምንት «ላይ ታች ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው። እጁን ወደ ጣሪያው ቀስሮ «ላይ»፣ ወደ ወለሉ ቀስሮ «ታች» አላት። እሷም ሁለቱን ቃል ያዘች። ሁለት የማያፍሩ ሰዎች ተገናኙና ሆስፒታሉ በወሬ ሞላ።

አብሯቸው የሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ኮሌጅ የጨረሰ፣ እንግሊዝኛው ደህና የሆነ ሰው ነው። የእነሱን ጭውውት እንደ ቲያትር ነበር የሚከታተለው። አንድ ሰኞ መሐንዲሷ ላይ ታችን «ቅዳሜና እሁድ እንዴት አለፈ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ቤቱ ተቀምጦ ስለዋለ ሰልችቶት ነበርና «አይ ዋዝ ቬሪ ቦሪንግ» አላት። ሰልችቶኝ ነበር ማለቱ ነው፤ ከአፉ የወጣው ግን «በጣም አሰልቺ ሰው ነበርኩ» የሚል ነው። ደንግጣ «ኖ፣ ኖ! አንተ አሰልቺ አይደለህም!» ብላ አጽናናችው። ኤሌክትሪሺያኑ ከመሰላሉ እንዳይወድቅ ግድግዳውን አቅፎ ሳቀ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ የገመድ ቅባት ማዘዙን እንዳይረሳ ፈርቶ «ፕሊስ፣ ቱሞሮው ሪመምበር ሚ» አላት። ነገ አስታውሺኝ ማለቱ ነበር። በእኛ ቋንቋ ማስታወስ አንድ ነው፤ ራስህም ታስታውሳለህ፣ ሌላውንም ታስታውሳለህ። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ለየብቻ ስም አውጥቶላቸዋል፤ እሱ የመረጠው ደግሞ ተሰናባች ሰው «አትርሺኝ» ሲል የሚጠቀምበትን ነበር። መሐንዲሷ ትከሻውን ያዝ አድርጋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ታመሃል? ወዴት ልትሄድ ነው?» አለችው።

ይኼ ሁሉ የሚያስቅ ነበር። ከዚያ የማያስቀው መጣ።

አዲሱ ሳጥን፣ ያ ሰው የሚሳፈርበት ማለት ነው፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ የሙከራ ጊዜው ደርሶ ነበር። መሐንዲሷ ጣሪያው ሥር ካለው የማሽን ክፍል ሆና ሳጥኑን ታንቀሳቅሳለች፤ ላይ ታች ደግሞ በየፎቁ እየቆመ በሮቹን ይመረምራል። የሚነጋገሩት በመገናኛ ሬዲዮ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦ ሊያመጣ ወደ መጋዘን ወርዷል።

ላይ ታች ከሳጥኑ ጣሪያ ጠርዝ ላይ የላላ ብሎን አየ። ከሳጥኑ በላይ ካለው ፎቅ በር ተንጠላጥሎ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ወጣና ያጠብቀው ጀመር። «አንድ ጊዜ ጠምዘዝ አድርጌው እወርዳለሁ» ብሎ ነው፤ ስለዚህ ለማንም አልተናገረም። ይኼኔ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ዌር አር ዩ?» አለች መሐንዲሷ።

«አይ አም ኢን ዘ ሊፍት!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ኦኬ» አለች።

ሊፍቱ ውስጥ ነኝ ያለ ሰው ሊፍቱ ውስጥ ነው። ሰው ውስጡ ተቀምጦ ሳጥኑን እስከ መጨረሻው ፎቅ መላክ ደግሞ የዕለቱ ሥራዋ ነበር። ቁልፉን ተጫነች።

ከእግሩ ሥር ጣሪያው ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም፤ ትንሽ ልታስተካክለው መሰለው። ሳጥኑ ግን አልቆመም። ግድግዳው በጎኑ ወደ ታች መሮጥ ጀመረ፤ የበሮቹ ስንጥቅ ብርሃን ብልጭ እያለ አለፈው። ቀና ሲል ሊፍቱ የሚመላለስበት ጉድጓድ መጨረሻ፣ አንድ ወፍራም የኮንክሪት አግዳሚ፣ ቁልቁል እየመጣበት ነው። መፍቻውን ጣለና በዳበሳ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ የሚገኘውን ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ ፈለገ፤ አገኘው፤ በመዳፉ መታው።

ሳጥኑ ተንገራግጮ ቆመ። አግዳሚው አናቱ ላይ ነበር፤ የሲሚንቶው ሽታ ይሸተው ነበር። ሬዲዮውን አነሣ።

«ለምን ቆመ? ውስጥ ሰላም ነህ?» እያለች ነው እሷ በእንግሊዝኛ።

የነበረው እንግሊዝኛ ሁሉ ከጭንቅላቱ በነነ። «ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ላይ! ላይ! ጣሪያው ላይ!»

«ላይ» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ወዲያው ደረጃው ላይ የዚያ ከባድ ጫማ ኳኳታ ተሰማ።

አውጥተውት ደረጃው ላይ ሲያስቀምጡት መሐንዲሷ ከራስ እስከ እግሩ መረመረችው። ክርኑ ከመላላጡ በቀር ምንም አልሆነም። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። የድርጅቱ የደህንነት ኃላፊ መጣና ሁሉንም ጠይቆ፣ ሳይፈቀድለት ሳጥን ላይ የወጣ፣ ያለበትንም ቦታ አሳስቶ የተናገረ ሠራተኛ ከሥራው መነሳት እንዳለበት ፊት ለፊቱ ነገረው። «ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ እንሰበሰባለን። እስከዚያው ቤትህ ሂድ።»

መሐንዲሷ የሆስፒታሉ በር ላይ ሮጣ ደረሰችበት። እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያላትን አማርኛ ሁሉ አሰባስባ፣ በጣም በደግ ፊት እንዲህ አለችው፦

«አይዞህ። ነገ እኔ እመሰክርብሃለሁ።»

ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ሚስቱ ፊቱን አይታ የስፌት ማሽኑን አቆመች።

«ምን ሆነህ ነው? ክርንህን ምን ነካው?»

ከሥር ከመሠረቱ አጫወታት። አግዳሚው ላይ ሲደርስ እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች። የመሐንዲሷን ነገር ሲነግራት ግን ፊቷ ተኮሳተረ።

«እንዴት ነው ያለችህ? እስኪ ድገመው።»

«አይዞህ፣ ነገ እመሰክርብሃለሁ።»

«አንተ፣ አይዞህ ብሎ የሚመሰክርብህ ጠላት የት አገር ነው ያለው?»

«እነሱ ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት። ከኋላ ከማማት ይሻላል ብላ ይሆናል። ደግሞም አልተሳሳተችም፤ ውስጥ ነኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን እላለሁ?»

«ሴትዮዋ ልትናገር የፈለገችው ሌላ እንደሆነስ?»

«እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ እኮ!» አለ። ራቱን ገፋ አደረገው። እሷም የተላለጠውን ክርኑን በሞቀ ውኃ አጠበችለት።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ጀርባ፣ የደህንነት ኃላፊው ከጎኑ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ሊያስተረጉም መሐል ላይ። የደህንነት ኃላፊው ክሱን ደረደረ። ውሸት የለበትም፤ እያንዳንዱ ልክ ነው። ቀጥሎ መሐንዲሷ ብድግ አለች። ላይ ታች ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

ኤሌክትሪሺያኑ ቃል በቃል ተረጎመው። «ሳይነግረኝ ጣሪያው ላይ መውጣቱ ጥፋት ነው ትላለች። ‹ኦን› ማለት ሲገባው ‹ኢን› ማለቱም ስህተት ነው። ነገር ግን ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር ትላለች። በዚህ ሥራ ቁልፍ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለበት፤ ውስጥ ነህ ወይስ ላይ? እኔ አልጠየቅሁም። የእኛ የሁለታችንም ቋንቋ ባልሆነ ቋንቋ አንዲት ቃል ሰምቼ፣ በዚያች ቃል የሰው ሕይወት አንቀሳቀስኩ። ጥፋተኛ ይጻፍ ከተባለ መጀመሪያ የእኔ ስም ይጻፍ። ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ደርቆ ይቀር ነበር፤ እሱ ግን ማቆሚያውን ፈልጎ አገኘ። እንዲህ ያለ ሰው ከሥራዬ ላይ እንዲነሳ አልፈልግም ትላለች።»

ላይ ታች ቀና አለ። ጆሮውን አላመነም።

መሐንዲሷ ንግግሯን በአማርኛ ልታሳምር ፈለገች። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ በኩራት «አንተ፣ ጨረስኩ። መሰከርኩበት» አለች።

ኤሌክትሪሺያኑ አፉን በእጁ ያዘ፤ አልቻለም፤ ፈነዳ። ሥራ አስኪያጁም ተከተለው። ላይ ታች ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሟል።

«መሰከርኩለት!» አለ። «መሰከርኩለት ማለትሽ ነው! ትናንትም እመሰክርልሃለሁ ልትዪኝ ነበር!»

«ልዩነት አለው?» አለች።

«አለው እንጂ! ‹ለት› ወዳጅ ነው፤ ‹በት› ጠላት ነው። ፈረደለት፣ ነጻ ወጣ። ፈረደበት፣ ታሰረ። ጸለየችለት፣ ደግ። ጸለየችበት...» እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ መብረቅ ሲወርድ አሳያት።

መሐንዲሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ትናንት በዚህ ቃል ነው ቤትህ የገባኸው? እንዴት ተኛህ?»

«ማን ተኛ!» አላት።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጠራርጎ ፍርዱን ሰጠ። ላይ ታች ከሥራ አይነሳም። ነገር ግን ለጊዜው የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ ሆኖ ይሠራል። ማታ ማታ እንግሊዝኛ ይማራል፤ ለዚያም ከሥራ ቀደም ብሎ ይለቀቃል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ማንም ሰው በሬዲዮ ቦታውን ሲናገር ሰሚው መልሶ ሳይደግመው ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። የደህንነት ኃላፊውም «በዚህ እስማማለሁ» አለ፤ ሲወጡም ላይ ታችን ትከሻውን ቸብ አደረገው።

ትምህርት ቤቱ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አስተማሪው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ነው፤ ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል። አብረውት ከሚማሩት አንድ አስተናጋጅ፣ አንድ ሾፌርና አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ መሐል ላይ ታች በዕድሜ ትልቁ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ለምን እንደመጣ ተጠይቆ ታሪኩን ሲናገር ክፍሉ በአንድ ላይ «ውይ!» አለ።

ቲቸር ጠመኔያቸውን አነሡ። «ስማ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የአንተ ብቻ አይደለም። የእኛዋ ‹በ› ደግ ሴት ናት፤ ብቻዋን ቤቱን ሁሉ ታስተዳድራለች። በመኪና መጣሁ፣ በቢላ ቆረጥኩ፣ በጠዋት ተነሣሁ፣ በሩጫ ሄድኩ፤ ሁሉንም እሷው ናት። እንግሊዝኛ ጋ ስትሄድ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ሌላ ሠራተኛ ተቀጥሯል። የአንዱን ለአንዱ ስትሰጠው ያኮርፋል።» ቀጠሉ፤ «‹እስከ›ም እንደዚያው ናት። ‹እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ› እና ‹እስከ ዓርብ እቆያለሁ› ለእኛ አንድ ‹እስከ› ነው። እነሱ ግን ለመጨረሱ ‹ባይ›፣ ለመቆየቱ ‹አንቲል› ይላሉ።»

ላይ ታች ግንባሩን መታ። ለስንቱ የውጭ ደንበኛ «አይ ፊኒሽ አንቲል ፍራይደይ» ብሏል! ምን መስሏቸው ይሆን? እስከ ዓርብ ድረስ ሳያቋርጥ ሲጨርስ፣ ሲጨርስ የሚከርም ሰው?

እንግዲህ አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። ስህተቱን ባወቀ ቁጥር ምላሱ ከበደው። ድሮ የማያውቀውን በድፍረት ይናገር የነበረ ሰው፣ አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሩ በፊት «ኢን ነው፣ ኦን ነው፣ አት ነው?» እያለ በሆዱ ሲያሰላ ወሬው ያመልጠዋል። መሐንዲሷ «ደህና አደርክ?» ትለዋለች፤ «የስ» ብሎ ያልፋል። የሊፍቱ በር ላይ ሆኖ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ኤሌክትሪሺያኑም ቅር አለው።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ስለሳቅኩብዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንተ አይደለህም የኔ ልጅ። አሁን አፌን ስከፍት ስህተቱ ቀድሞ ይታየኛል፤ ያን አይቼ አፌን እዘጋለሁ።»

ቤትም እንዲሁ ሆነ። ሚስቱ ጥቂት ቀን ታገሠችው። አንድ ማታ ለክፍል ሲነሣ መቀሷን አስቀምጣ ነጠላ ጫማዋን ቀየረች።

«ወዴት ነው?»

«ካንተ ጋር። ባሌን ዲዳ የሚያደርግ ትምህርት ምን እንደሚመስል በዓይኔ ልይ።»

ከኋላ ወንበር ልትቀመጥ ነበር የመጣችው፤ ቲቸር ግን እንግዳ አያስቀምጡም። «ስለ ራስዎ ትንሽ ይንገሩን» አሏት። ድሮ ከተማረችው ያላትን አሰበች፤ አልፈራችም፤ ቀጥ ብላ ቆማ በጠራ ድምፅ «አይ ኩክ ማይ ሀዝባንድ ኤቭሪ ደይ» አለች።

ለባሌ በየቀኑ አበስልለታለሁ ማለቷ ነው። «ለ»ን የምትተካዋን ቃል ስለዘለለቻት ግን የተናገረችው «ባሌን በየቀኑ አበስለዋለሁ» የሚል ሆነ። ሾፌሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እንግዳ ተቀባይዋ እንባዋ መጣ። ቲቸር እንኳ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ምን እንዳለች ሲነገራት ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ታዲያ ምን ያስቃል? ይኸው፣ ገና አልበሰለም!» አለች።

ላይ ታች እንደዚያ ከሳቀ ስንት ጊዜው! ሆዱን ይዞ፣ ሙሉ አፉን። ሳቁ ሲበርድለት ሚስቱን አያት፤ አላፈረችም፤ ትክክለኛውን ለመስማት ጆሮዋን ሰጥታ ቲቸርን ትጠብቃለች። «ፎር ማይ ሀዝባንድ» አሏት። «ፎር ማይ ሀዝባንድ» ብላ ደገመችና ተቀመጠች። በቃ። ማንም አልናቃትም፤ ቃሉም ከዚያ በኋላ አልጠፋትም። ላይ ታች ያን ጊዜ አንድ ነገር በውስጡ ሲላላ ተሰማው። ከብረት ዝገት፣ ከሰው ስህተት አይጠፋም፤ ለዝገቱ ብሎ ብረቱን የሚጥል ሠራተኛ ግን አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ መሐንዲሷ ስትመጣ ቀድሞ «ጉድ ሞርኒንግ» አላትና የሚስቱን ታሪክ ባለ በሌለ እንግሊዝኛው ተረተላት። አራት አምስት ቦታ ሳይሳሳት አልቀረም። እሷ ግን ግድግዳ ይዛ ሳቀችና «ተመለስክ! እኔ ስህተት አልፈራም። የምፈራው ዝምታ ነው። ተሳስተህ ከተናገርክ መልሼ እጠይቅሃለሁ፤ ዝም ካልክ ግን ምኑን ልጠይቅህ?» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲያ በምሳ ሰዓት ይለዋወጡ ጀመር። እሱ «ለት»ና «በት»ን ያስተምራታል፤ እሷ ውስጥን፣ ላይን፣ ሥርን፣ አጠገብን በሳጥኑና በብሎኑ እያሳየች ትጠይቀዋለች። እሷም ራሷ በጀማሪነቷ አንድ አለቃዋን «አስተምረኝ» ማለት ስትፈልግ «ተማረኝ» እያለች ዓመት እንደከረመች አጫወተችው። በእንግሊዝኛ መማርና ማስተማር የሚምታቱበት ሰው ብዙ ነው።

ወሩ ሳይጋመስ የደህንነት ኃላፊው ራሱ መጥቶ ፈተነው። ሬዲዮ አስይዞ አንድ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ላዩ፣ አንድ ጊዜ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ውስጥ እያቆመ ቦታውን ጠየቀው። ላይ ታች እየተንተባተበም ቢሆን እያንዳንዱን በትክክል መለሰ፤ ከላይ ያለችውም መሐንዲስ እያንዳንዱን ደገመችው። «ግባ» አለው ኃላፊው። ላይ ታች ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ የራሱ ቤት በር የተከፈተለት ያህል ነበር።

ሊፍቱ ሥራ የጀመረ ዕለት መጀመሪያ የተሳፈሩት አንድ እግራቸው የማይታዘዝላቸው አዛውንት ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቻቸው በወንበር ተሸክመው ነው ደረጃውን የሚያወጧቸው። በሩ ሲዘጋ «ይኼ ነገር አይወድቅም?» ብለው ጠየቁ። ላይ ታች አብሯቸው ቆሞ ነበርና «አባባ፣ ቢወድቅ አብረን ነን» አላቸው። ሳቁ። ሳይንገራገጭ ወጣ። በሩ ሲከፈት ልጆቻቸው ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ሲቆሙ ኤሌክትሪሺያኑ አጨበጨበ፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ነርሶችም ተቀበሉት።

መሐንዲሷ ወደ ሌላ ሥራ ሄደች። አልፎ አልፎ በስልክ ያወራሉ፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ሁለቱንም እያበላሹ። ድርጅቱ አሁን ከውጭ መሐንዲስ ሲመጣ ጉድጓድ ውስጥ አብሮ እንዲሠራ የሚመድበው ላይ ታችን ነው። እንግሊዝኛው ጠራ ማለት አይደለም። ዛሬም እንወያይበት ለማለት «ዲስከስ አባውት» ይላል፤ ቲቸር «አባውቷን ተዋት፣ አትፈለግም» ቢሉት ሊተዋት አልቻለም። ቦታውን በሬዲዮ ሲናገር ግን አይቀልድም፤ አዲስ የሚመጡትን ሠራተኞችም መጀመሪያ የሚያስጠናቸው ይህንኑ ነው።

ሚስቱ ከዚያች ማታ ወዲህ ክፍል ቀርታ አታውቅም። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲሰጥ እሷ ባሏን በለጠችው፤ ቲቸር ውጤቱን ሲያነቡ አስተናጋጁ አፏጨ። ወደ ቤት ሲመለሱ ላይ ታች መሸነፉን በእንግሊዝኛ ሊያስተባብል ሞከረ፤ እሷ በእንግሊዝኛ መለሰችለት፤ መንገድ ዳር ቆመው ዳቦ ማን ይግዛ በሚለው ላይ ተከራከሩ። ከዳቦ ቤቱ «ፍሮም» ነው የሚባለው ወይስ «ኢን»? ሁለቱም እርግጠኛ አልሆኑም። አልፎ የሚሄድ ሰው ዞር ብሎ አያቸው።

«ተወው በቃ፣ ነገ ቲቸርን እንጠይቃለን» አለች ሚስቱ። «አሁን በአማርኛ ግዛ!»

እየሳቀ ገባና ሁለት ትኩስ ዳቦ ይዞ ወጣ።